ሊብሬው ደብሊን፣ አውሮፕላኑ ሞስኮ

ይህን የውይይት ክር ባለፈው ሳምንት የከፈትኩት እኔ ነኝ። እስካሁን 31 መልስ ገብቶበታል። ዘግይተው የሚመጡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ እየከበዳቸው ያንኑ ጥያቄ ደግመው ይጠይቃሉ። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል ልተርክ። የማንንም ጽሑፍ አልገለበጥኩም። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ ጽሑፌ ይህን ይላል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ በሩሲያ አየር መንገዶች እጅ ወደ 500 የሚጠጉ ከውጭ የተከራዩ አውሮፕላኖች ነበሩ። ዋጋቸው ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። የአውሮፓ ኅብረት ወዲያው አውሮፕላን ለሩሲያ መሸጥም ማከራየትም ከለከለ። የቆዩ ውሎችን ለማቋረጥ እስከ ማርች 28 ጊዜ ሰጠ። አከራዮቹ፣ ብዙዎቹ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ያሉ ድርጅቶች፣ በዚያ አንድ ወር ውስጥ ውሉ ተቋርጧል፣ ንብረታችንን መልሱ ብለው ጻፉ። ሩሲያ ደግሞ ማርች 10 ላይ አውሮፕላን ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች። ማርች 14 ላይ ፑቲን በውጭ አገር የተመዘገቡትን በሩሲያ መዝገብ ማስገባት የሚፈቅድ ሕግ ፈረሙ። በእኛ አነጋገር፣ በሰው መኪና ላይ አዲስ ሊብሬ አወጡ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ሊብሬው ደብሊን፣ አውሮፕላኑ ሞስኮ ከሆነ፣ አከራዩ በእጁ ያለው ምንድን ነው? የራሴንም ግምት ጽፌያለሁ። እኔ ለብዙ ዓመት የአውሮፕላን መዝገብ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሎግ ቡክ፣ የጥገና ካርድ፣ የዕቃ መለያ ወረቀት ሳገላብጥ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ከዚያ ልምድ ተነስቼ፣ አውሮፕላን ማለት ወረቀቱ ነው አልኩ። ሩሲያ የያዘችው ብረቱን ነው፤ አከራዩ ያጣው ግን ከብረቱም በላይ ነው አልኩ።

መልስ 1 የአንድ ትሑት ሰው ነው። አመሰግናለሁ ካለ በኋላ፣ ለመሆኑ አየር መንገድ ለምን ይከራያል፣ የራሱን አይገዛም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መልስ 2 ዋሽንግተን አካባቢ ያለች የሒሳብ ባለሙያ ናት። በሰከነ ቋንቋ አስረዳችው። በዓለም ላይ ከሚበሩት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ግማሽ ያህሉ የኪራይ ናቸው። አንዱ አዲስ አውሮፕላን በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር ይቆጠራል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ከመቶ ሚሊዮን ያልፋሉ። ያንን ሁሉ ገንዘብ በአንዴ ከማውጣት በየወሩ ኪራይ መክፈል ለብዙ አየር መንገድ ይቀላል። ተከራዩ መጀመሪያ መያዣ ያስይዛል፤ ብዙ ጊዜ የጥቂት ወር ኪራይ ነው። ለወደፊት ጥገና ደግሞ በበረራ ሰዓት ልክ እየተሰላ ያጠራቅማል። ሥራውን አየርላንድ ላይ ያስጀመሩት ቶኒ ራያን ናቸው አለች። በ1975 ሻነን ላይ ጊነስ ፒት አቪዬሽን የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ያ ድርጅት በኋላ ቢወድቅም እዚያ የሠለጠኑት ሰዎች ሌሎቹን ድርጅቶች መሠረቱ። ዛሬ ትልቁ የዓለም አከራይ ኤርካፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ ደብሊን ነው።

መልስ 3 ሊዝ የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ የገባ ሰው ነው። የአዲስ አበባን የመሬት ሊዝ ጨረታ አንስቶ ረጅም ብሶት ጻፈ። መልስ 4 ደግሞ እሱን ደግፎ የባሰ ረጅም ጻፈ። ብሶታቸው እውነት ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

መልስ 5 እኔን አረመኝ፣ ልክም ነው። የሕግ ባለሙያ ነው፣ ጀርመን ነው ያለው። የአውሮፕላን ምዝገባና የመኪና ሊብሬ አንድ አይደሉም አለ። ሊብሬ ላይ የባለቤቱ ስም አለ፤ ማስረጃነቱም ለባለቤትነት ነው። የአውሮፕላን ምዝገባ ግን ከሁሉ በፊት የአውሮፕላኑን ዜግነት ነው የሚናገረው። በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት በአንቀጽ 18 አንድ አውሮፕላን ከአንድ አገር በላይ በሕጋዊ መንገድ ሊመዘገብ አይችልም ይላል። ሩሲያ የጣሰችው ይህንን ነው። አውሮፕላኖቹ ከመጀመሪያው መዝገብ ሳይሰረዙ ሁለተኛ ዜግነት ተሰጣቸው። በዚያ ላይ አብዛኞቹ የተመዘገቡት ቤርሙዳ እንጂ አየርላንድ አልነበረም። ስለዚህ ርእስህ በግማሽ ተሳስቷል አለኝ። ርእሱን አልቀየርኩትም፤ ክሩ በዚያ ስም ታውቋልና። ግን እርማቱን እዚህ አስቀምጫለሁ።

መልስ 6 የቤርሙዳን ነገር ቀጠለበት። በትንሿ ደሴት መዝገብ፣ ከውጭ ያልተከራዩትም ጭምር፣ ከ700 በላይ በሩሲያ የሚበሩ አውሮፕላኖች ነበሩ። ማዕቀቡ ከመጣ በኋላ ሄዶ ማየት፣ መፈተሽ፣ ደኅንነታቸውን ማረጋገጥ አልቻለችም። ማርች 12 ላይ የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀታቸውን አገደች። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በዓለም ሕግ ዓይን እነዚያ አውሮፕላኖች ከመሬት መነሳት የለባቸውም ነበር። በሩሲያ ሰማይ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ።

መልስ 7ን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ በአውሮፕላን ጥገና የሚሠራ ልጅ ነው። በኪራይ አውሮፕላን ውስጥ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ እንዳለ ነገረን። አንዱ ከአብራሪዎቹ ክፍል አጠገብ ይለጠፋል፤ ሌላው በየሞተሩ ላይ። መጠኑ ከእጅ መዳፍ ያነሰ ነው። እሳት እንዳያጠፋው ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ አውሮፕላን የእገሌ ንብረት ነው፣ በኪራይ የያዘው እገሌ ነው ይላል። መንገደኛው አያየውም። አስተናጋጆቹም ብዙ ጊዜ አያነቡትም። የሥራ ባልደረባው አንድ ጊዜ በማሟሚያ ኬሚካል ሲያጸዳ ፊደሉን አደብዝዞት፣ አከራዩ ለምርመራ የላከው ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት ያንን ነበር ያየው። ልጁ እንዲህ ሲል ነበር የጨረሰው፦ ሩሲያ ውስጥ እነዚያን ሰሌዳዎች ማን ነቅሏቸው ይሆን?

መልስ 8 ሰሌዳ ምን ያደርጋል፣ ጉልበት ያለው ወሰደው በቃ አለ። አጭር ነው።

መልስ 9 የእኔ ነው። ለ8ኛው ስመልስ የራሴን አንድ ገጠመኝ ተናገርኩ። አንድ አውሮፕላን የኪራይ ዘመኑ አልቆ ሊመለስ ነበር። ሁሉም ነገሩ ተፈትሾ አልቋል። ከማረፊያው እግር ዕቃዎች አንዱ ግን መለያ ወረቀቱ ላይ ፊርማ ጎደለው። ዕቃው ደህና ነው፣ በዓይናችን እናየዋለን፣ እንነካዋለን። አከራዩ አልቀበልም አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አውሮፕላኑ ሃንጋር ውስጥ ቆመ፣ ኪራዩም ይቆጥራል። ካርቶን በካርቶን ፈለግን። ወረቀቱ በመጨረሻ የተገኘው ሌላ አውሮፕላን ፋይል ውስጥ ነው። አቧራ የጠጣች ግማሽ ገጽ ናት። እሷን ስናገኝ ያለቀሰ ሰው ነበር። በሞተር ውስጥ ዕድሜያቸው በበረራ ብዛት የተወሰነ ዕቃዎች አሉ፤ ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ ያለው ታሪካቸው በወረቀት መከተል አለበት። ታሪኩ ከተቆረጠ ዕቃው ቁራጭ ብረት ነው። ስለዚህ ሩሲያ ውስጥ ያለ አውሮፕላን ነገ ቢመለስ እንኳን ማን ይገዛዋል፣ ማን ይከራየዋል ነው ያልኩት።

መልስ 10 ነገሩን ገለበጠው። ደብሊን ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰው ነው። ሁላችሁም አከራዩ ተበዳይ የሆነበትን ብቻ ነው የምታወሩት አለ። በ1992 ቦስፎረስ የሚባል የቱርክ አየር መንገድ ከዩጎዝላቪያው ጃት ሁለት ቦይንግ 737 ተከራየ። በ1993 ከሁለቱ አንዱ ደብሊን ጥገና ገብቶ ነበር። በዚያው ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የዩጎዝላቪያ ንብረት የሆነ አውሮፕላን ሁሉ እንዲያዝ ወሰነ። ጥገናው አልቆ ሊነሳ ሲል አየርላንድ ያዘችው። ተከራዩ ቱርክ ነው፣ በጦርነቱ የለበትም፣ ኪራዩም ቢሆን ሰርቦቹ በማይነኩት ሒሳብ ነበር የሚገባው። ክስ መሠረተ። ነገሩ ሉክሰምበርግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1996 ተሸነፈ። ስትራስቡርግ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2005 እዚያም ተሸነፈ። ድርጅቱ ጥፋት የለበትም፣ ግን ማዕቀቡ የሚያየው የአውሮፕላኑን ባለቤት ነው ተባለ። ይህ ሰው እንዳለው፣ ማዕቀብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው በመሃል የቆመው ነው።

እኔ ይህንን ጉዳይ አላውቀውም ነበር። ያም ደብሊን፣ ይህም ደብሊን መሆኑ አስደነቀኝ። ያኔ ከተማዋ ያዥ ነበረች፣ አሁን የተያዘባት ሆነች።

መልስ 11 የድሮ ታሪክ ምን ይሠራል ብሎ 10ኛውን ተቸ። መልስ 12 ግን ሌላ የድሮ ታሪክ አመጣ፣ ወደ ዋናው ጥያቄም የቀረበ ነው። ኦገስት 1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር የኩዌት አየር መንገድን አውሮፕላኖች ወደ ባግዳድ ወሰደች። በሴፕቴምበር የኢራቅ መንግሥት አየር መንገዱ ፈርሷል፣ ንብረቱም ወደ ኢራቅ አየር መንገድ ተዛውሯል ብሎ አዋጅ አወጣ። ከተወሰዱት መካከል አራቱ ሞሱል ላይ በጦርነቱ በቦምብ ወደሙ። ስድስቱ ወደ ኢራን ተወስደው በኋላ ተመለሱ። ክሱ ለንደን ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በ2002 የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ያንን አዋጅ አንቀበለውም አለ። እንዲህ በግልጽ ዓለም አቀፍ ሕግን የጣሰ አዋጅ ባለቤትነት አያዛውርም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጨዋታው የከረረው። መልስ 13 በቁጣ ገባ። ሌባ የምትሉት ሩሲያን ብቻ ነው ወይ አለ። ምዕራቡ ዓለም ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ አግዷል። 10 ቢሊዮን የሚያወጣ አውሮፕላን ቢይዙ ምን ይገርማል አለ። ለድሃ አገር የሚቆረቆር ሰው ለአየርላንድ ሀብታሞች እንዴት ያለቅሳል ብሎ እኔን ነካኝ። መልስ 14 ደግሞ 13ኛውን ያልተማረ አለው። ያ አያስፈልግም ነበር።

መልስ 15 ሁለቱንም ዝም የሚያሰኝ ነገር አመጣ። ኪሳራው የምዕራብ ብቻ አይደለም አለ። መሥሪያ ቤቱ ሲንጋፖር ያለው፣ ባለቤቱ የቻይናው ባንክ ኦፍ ቻይና የሆነው ቢኦሲ አቪዬሽንም ሩሲያ ውስጥ 17 አውሮፕላን ተይዞበታል። በ2022 ወደ 804 ሚሊዮን ዶላር ከሒሳቡ ሰርዟል። ቻይና በሩሲያ ላይ ማዕቀብ አልጣለችም። የዱባዩ አከራይ ዲኤኢም ለንደን ላይ ኢንሹራንሶችን ከከሰሱት አንዱ ነው፤ ኢምሬትስም ማዕቀብ አልጣለችም። ሩሲያ ስትይዝ ወዳጅና ጠላት ብላ አልለየችም። በእኔ እይታ በዚህ ክር ውስጥ ከተሰጡት ሁሉ ከባዱ መልስ ይህ ነው። 13ኛው ሰው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

የመንግሥት ገንዘብ መታገድና የግል ድርጅት ንብረት መወሰድ አንድ አይደሉም ብዬ አምናለሁ። የታገደው ገንዘብ የባለቤቱ ስም አልተቀየረም። አውሮፕላኖቹ ግን በየቀኑ እየበረሩ፣ እያረጁ፣ ዕቃቸው እየተነቀለ ለሌላው እየተገጠመ ነው። 13ኛውን ወንድሜን የምጠይቀው ይህንን ልዩነት እንዲያየው ነው።

መልስ 16 የአንድ ጡረታ የወጡ አባት ነው። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ልጆቼ አትሰዳደቡ ብለው ጀመሩ። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር እጅና ጓንት በነበረበት ዘመን አየር መንገዱ ቦይንግን አልለቀቀም አሉ። ጁን 1984 አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በረረ። ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። ከሞስኮ ጋር የምንማማልበት ጊዜ ላይ ከቦይንግ ከተማ ከሲያትል እየገዛን ነበር። ጋሼ የሚሉት፣ አየር መንገድን ከፖለቲካ ያራቀ አገር እንደሚጠቀም ነው። መልስ 17 ጋሼን አመስግኖ ያንን በረራ አባቱ እንደሚያስታውስ ጻፈ። መልስ 18 ያው ምስጋና ነው።

መልስ 19 ኮሎምቦን አነሳ። ጁን 2 ቀን 2022 የሩሲያው አየር መንገድ የኤሮፍሎት ኤርባስ ኤ330 ስሪላንካ አርፎ ነበር። አከራዩ እዚያው ፍርድ ቤት ሄዶ አውሮፕላኑ እንዳይነሳ አሳገደ። በወረቀት ካየነው ትክክለኛ አሠራር ነው። ሩሲያ የስሪላንካን አምባሳደር ጠርታ ተቆጣች። ኤሮፍሎት ወደ ኮሎምቦ መብረር አቆመ። ያን ጊዜ ስሪላንካ ነዳጅ የላት፣ ዶላር የላት፣ ሰው ለጋዝ ሲሰለፍ ያድር ነበር። ቱሪስቱም ሻይ ገዢውም ሩሲያ ነው። በአራተኛው ቀን ትእዛዙ ተነሳ፤ አውሮፕላኑም ወደ ሞስኮ በረረ። መልስ ሰጪው የስሪላንካን ዳኞች አልወቀሰም። የተራበ አገር ውል ለማስከበር አቅም ያጥረዋል ነው ያለው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ኬፕ ታውን ላይ የአከራዮችን መብት የሚያስከብር ምንም ዓይነት ስምምነት ቢፈረም (27ኛው ላይ ይመጣል)፣ የሚያስፈጽመው ያንን ቀን ያንን አየር ማረፊያ የሚያዝ ሰው ነው።

ከ20 እስከ 23 ያሉት ስለ ኢንሹራንስ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቡ በመጨረሻ የሄደው በዚህ በኩል ነውና። 20ኛዋ ለንደን ውስጥ የኢንሹራንስ ሥራ የምትሠራ ሴት ናት። ሁለት ዓይነት ሽፋን አለ አለች። አንደኛው መደበኛው የአደጋ ሽፋን ነው። ሁለተኛው የጦርነት አደጋ ሽፋን ነው፤ በመንግሥት መያዝና መታገድም እዚህ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ላይ ጣሪያ አለ፤ ኢንሹራንሱ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ አይከፍልም። ደግሞም በጥቂት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊሰረዝ ይችላል። ኤርካፕ ጦርነቱ ሲጀመር 135 አውሮፕላንና 14 ሞተር በሩሲያ ተከራዮች እጅ ነበረው። 22 አውሮፕላንና 3 ሞተር አስመለሰ። 113 አውሮፕላንና 11 ሞተር ቀረበት። ለንደን ላይ በኢንሹራንሶቹ ላይ በመሠረተው ክስ መጀመሪያ የጠየቀው በመደበኛው ሽፋን እንዲከፈለው ነው፤ ገንዘቡ እዚያ ይበዛል። ካልሆነ በጦርነቱ አለ።

21ኛው ታዲያ ይህ ጦርነት ካልሆነ ምንድን ነው፣ ምኑ ያከራክራል አለ። 20ኛዋ ተመልሳ በ22 አስረዳችው። ኢንሹራንሶቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። የመደበኛው የጦርነት ነው ይላል። የጦርነቱ ደግሞ አየር መንገዱ ራሱ አልመልስም ስላለ ነው፣ መንግሥት አልያዘም ይላል። ቀኑም ወሳኝ ነው፤ የስረዛ ማስታወቂያ ከመድረሱ በፊት ነው የጠፋው ወይስ በኋላ? ጁን 11 ቀን 2025 የለንደኑ ዳኛ ጀስቲስ ቡቸር ፈረዱ። አውሮፕላኖቹ የጠፉት ማርች 10 ቀን 2022 ነው አሉ፤ የሩሲያ መንግሥት እንዳይወጡ የከለከለበት ቀን። ምክንያቱ የመንግሥት እገዳ ስለሆነ የሚከፍለው የጦርነት ሽፋን ነው። ለኤርካፕ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ተፈረደለት። በመደበኛው ሽፋን ያቀረበው ጥያቄ ውድቅ ሆነ።

23ኛው ቀደም ብሎ የሆነውን አስታወሰ። በሴፕቴምበር 2023 ኤርካፕ ከአንድ የሩሲያ ኢንሹራንስ 645 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ፣ በኤሮፍሎትና በእህት ድርጅቱ የነበሩትን 17 አውሮፕላንና 5 ሞተር ባለቤትነት አሳልፎ ሰጠ። ለዚህ ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ይህ ሰው ነገሩ አልተዋጠለትም። የሰረቀ ሰው በመጨረሻ ራሱ በተመነው ዋጋ ገዛ፣ ባለቤቱም እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ተቀበለ አለ። መልስ አጣሁለት።

መልስ 24 ወደ አገራችን መጣ። እኛስ ብሎ ጠየቀ። በሴፕቴምበር 2021 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ማዕቀብ የሚፈቅድ ትእዛዝ ፈረሙ። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ወጣን። አየር መንገዱ ላይ ማዕቀብ አልተጣለም፤ ግን እንዲጣል ሲጠይቁ የነበሩ አሉ። ያ ቢሆን ኖሮ የኪራይ አውሮፕላኖቻችን ምን ይሆኑ ነበር አለ። 25ኛው ይህንን የጠየቀው ሰው ማዕቀቡን ይመኝ እንደነበር አድርጎ ከሰሰው። 26ኛው ደግሞ 25ኛውን ከሰሰው። ከዚያ የወጣው ቃል በመድረኩ አስተዳዳሪ ተሰርዟል፤ እኔም አልደግመውም። በዚያ ጦርነት ሁላችንም የቀበርነው ሰው አለ። ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር። ማዕቀብ ቢመጣ ኖሮ የሚጎዳው አብራሪው፣ መካኒኩ፣ አበባ ላኪው፣ ዕቃ ጫኙ ነበር።

መልስ 27 የ5ኛው የሕግ ባለሙያ ነው፤ ተመልሶ መጣ። 24ኛውን በእርጋታ መለሰለት። በ2001 ኬፕ ታውን ላይ የተፈረመ ስምምነት አለ። ኢትዮጵያ በ2003 ካጸደቁት የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ናት። በዚህ ስምምነት መሠረት ተከራዩ ለአከራዩ የማይሻር ውክልና ይሰጣል። ተከራዩ ኪራይ ካልከፈለ ወይም ውሉ ከፈረሰ፣ አከራዩ በዚያ ውክልና አውሮፕላኑን ከአገሪቱ መዝገብ አሰርዞ ይወስዳል። በውክልና መኪና የገዛ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ይህንን የሚያከብር አገር ብድሩም ኪራዩም ይረክስለታል። ሩሲያም ከ2011 ጀምሮ አባል ነበረች። ፈርማም አልመለሰችም። ይህ ሰው የሚፈራው፣ ከዚህ በኋላ አከራይ ሁሉ ውል ሲፈርም የአገሩን ፊርማ ብቻ ሳይሆን የአገሩን ጠላቶችም እንደሚቆጥር ነው። ያ ደግሞ ለአፍሪካ አየር መንገዶች በኪራዩ ላይ ይታያል።

እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ሩሲያ ነዳጅ ሸጣ ትኖራለች። አንድ ሁለት አውሮፕላን ተከራይቶ የሚሠራ ትንሽ የአፍሪካ አየር መንገድ ግን ኢንሹራንሱ ሲወደድበት የሚያካክስበት ሌላ ኪስ የለውም።

መልስ 28 የትኬት ዋጋ ለዚህ ነው ወይ የጨመረው ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ስለ ሻንጣ ኪሎ ገባ። 29ኛው ሁለት ሻንጣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ መሆኑን ነግሮት፣ በርበሬ እንዴት እንደሚታሸግ ሁሉ አስረዳው።

መልስ 30 የ7ኛው ልጅ የሥራ ባልደረባ ነው። የእኔን የወረቀት ነገር ደገፈ። በ2023 ኤሮፍሎት አንድ ኤ330 ለጥገና ቴህራን፣ ወደ ኢራኑ አየር መንገድ ማሃን ኤር ልኳል አለ። ማሃን ራሱ ለዓመታት ማዕቀብ ያለበት ነው። ሥራው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የኢራን መካኒኮች እጃቸው የተፈታ ነው አለ። ግን ያንን የጥገና ካርድ ነገ የሚቀበል የአውሮፓ ባለሥልጣን የለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የአውሮፕላኑ ታሪክ ተቆርጧል። እኔ ሃንጋር ውስጥ ለአንዲት ግማሽ ገጽ ሦስት ሳምንት የፈለግኩ ሰው ነኝ። ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ የጎደለው ፋይል ምን ይመስል ይሆን እያልኩ ነው ያነበብኩት።

መልስ 31 እስካሁን የመጨረሻው ነው። 7ኛው ልጅ ነው። የሌሊት ፈረቃ ላይ በባትሪ ገብቶ የሚሠራበትን አውሮፕላን ሰሌዳ አነበበ። የጠበቀው የታወቀ አከራይ ስም ነበር። ያገኘው ግን ሰምቶት የማያውቅ የድርጅት ስም ነው፣ መጨረሻው ላይ ቁጥር አለበት። ማን ነው ይህ ብሎ ጠየቀኝ። አከራዮች ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ትንሽ ድርጅት ያቋቁማሉ፤ አንዱ ቢከሰስ ሌላው እንዳይነካ ነው አልኩት። አንዳንዴ ደግሞ ስሙ የአደራ ያዥ ባንክ ነው። ኮሎምቦ ላይ የከሰሰውም ሴለስቲያል የሚባል ድርጅት ነው፤ ስሙ ላይ ኤርካፕ የሚል ቃል የለም፣ ባለቤቱ ግን ኤርካፕ ነው። ልጁ ሰሌዳውን በስልኩ ማንሳት ስለማይፈቀድለት ስሙን በእጁ ላይ በስክሪፕቶ ጽፎ ወጣ። እስካሁን ከጀርባው ማን እንዳለ እየፈለገ ነው።